«ይቻላቸዋል»፦ የነፃ መልእክተኛ ዋጋ

ወዳጆች፣ የዛሬው ረዘም ያለ ነው። ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። ጉዳዩ የኢሜይል ጉዳይ ነው፤ መንገዱ ግን በእንጦጦ በኩል ያልፋል።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት በየሳምንቱ ሐሙስ ስለ አዲስ አበባ ታሪክ በኢሜይል ደብዳቤ እልካለሁ። ኒውስሌተር የሚባለው ነው። ስጀምር የሚቀበሉኝ 40 ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ዝርዝሩ 612 ደርሷል። ግማሽ ያህሉ ውጭ አገር ያሉ ናቸው። ፌስቡክ የማይከፍቱ፣ ኢሜይላቸውን ግን ጠዋት ጠዋት የሚያዩ ጡረታ የወጡ መምህራንም አሉባቸው። እነዚህን ሰዎች ባጣቸው ሌላ ቦታ አላገኛቸውም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን ከ500 ሰው በላይ መላክ አይፈቅድም። ስለዚህ ደብዳቤውን ተሸክሞ የሚያደርስልኝ አገልግሎት መምረጥ ነበረብኝ። ነፃም አለ፣ በክፍያም አለ።

ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሉኝ፦ «ነፃው እያለ ለምን ትከፍላለህ?» ክፋት የለውም፣ ስሌቱ ግልጽ ነው። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በወር 15 ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት ከ855 ብር ተነስቶ ከ1,500 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ደብዳቤው ደግሞ ለእኔ ሳንቲም አያስገባም። ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነው ነፃውን ትቶ የሚከፍል?

ይህን ጥያቄ ሳሰላስል ነው አንድ የቆየ ጉዳይ ትዝ ያለኝ። ይህቺ አገር አንድ ጊዜ ነፃ መልእክተኛ ቀርቦላት ያውቃል። የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በዚህ በኩል ግን አይተነው አናውቅም።

እንጦጦ ፓርክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰው ወደዚያ የሚወጣው ለፈረሱ፣ ለብስክሌቱና ለቀዝቃዛው አየር ነው። ከፓርኩ ወጣ ብላችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም ብትዘልቁ ግን የአፄ ምኒልክን የቀድሞ ግቢ ታገኛላችሁ። አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.።

ከዘውዱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈርሟል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም። በኢጣልያ በኩል የፈረመው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው። ውሉ ብዙ አንቀጾች አሉት፤ እኛ የምናስታውሰው ግን አንዱን ብቻ ነው፦ 17ኛውን።

አንቀጽ 17 ስለ ምንድን ነው? ስለ ጦር አይደለም፣ ስለ መሬትም አይደለም። ስለ መላላክ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክን ይመለከታል። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው፣ ኢጣልያ «ደብዳቤዎን እኔ ላድርስልዎ» አለች። የመላኪያ ዋጋ አልጠየቀችም።

እስቲ በጊዜው ዓይን እንየው። ያኔ አገራችን ፖስታ ቤት የላትም፣ ቴምብር የላትም፣ በየአገሩ የተቀመጠ አምባሳደር የላትም። ደብዳቤ ወደ አውሮፓ ሲላክ በሰው እጅ ነው የሚወርደው፤ በበቅሎና በእግር እስከ ባሕር ወደብ፣ ከዚያ በሰው መርከብ። መርከብና ቆንስላ ያለው ወዳጅ «እኔ ላድርስልህ» ሲል እምቢ ማለት ሞኝነት ነው የሚመስለው። ነፃው እያለ ምን ያስከፍላል?

የአማርኛው ጽሑፍ ላይ ያለው ቃል «ይቻላቸዋል» ነው። ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል፣ ካልፈለጉ ራሳቸው። በጣልያንኛው ግን ንጉሡ በኢጣልያ በኩል ሊላላኩ ተስማምተዋል የሚል ሆነ፤ ኢጣልያም ግዴታ ነው ብላ ተረጎመችው። በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ገና ዘውዱ ሳይጫን፣ የኢጣልያ መንግሥት ይህንኑ አንቀጽ ይዞ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ፦ ኢትዮጵያን ማግኘት የሚፈልግ በእኔ በኩል ነው አለ።

እንጦጦ ላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1882 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ቄሣር ቪልሄልም ራሳቸው ጻፉ። በአማርኛው ውል መሠረት መብታቸው ነው። መልሱ ሲመጣ ግን ሁለቱም መንግሥታት ከእርስዎ ጋር የምንላላከው በውሉ መሠረት በኢጣልያ በኩል ነው የሚል መንፈስ ያለው ሆነ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ደብዳቤው ደርሷል፣ መልእክተኛው ሥራውን አልበደለም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፦ አድራሻው። የዓለም ነገሥታት ለኢትዮጵያ መልስ ሲጽፉ የሚልኩት ወደ ሮም ሆነ። ላኪው እንጦጦ፣ የመልስ አድራሻው ሮም!

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አፄ ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሁለቱ ቅጂዎች እንደማይገጥሙ ጻፉ፣ ከአንቶኔሊ ጋር ክርክሩ ከረረ፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። ይህን ሁሌም እንተርከዋለን። እኔን የሳበኝ ግን በመሃል ያለው፣ ብዙም የማይወራው ዓመት ነው፦ 1886።

ውሉ በፈረሰ በዓመቱ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ፖስታ አቋቋሙ። ቴምብሮቹ ፓሪስ ተቀርጸው ታተሙ፤ ሰባት ዓይነት ነበሩ። ከሩብ ግርሽ ጀምሮ እስከ 16 ግርሽ። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው አራቱ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። ልብ በሉ፣ ጦርነቱ ገና አልመጣም። ከዓድዋ በፊት አገሪቱ የራሷን ቴምብር ለጥፋለች።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለው ክፍል። ያ ቴምብር ከአገር ውጭ አይሠራም ነበር! ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አይበቃም። ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ፖስታ የራሱ ቴምብር ይለጠፍበታል። አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ክፍያ። ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች እነዚያን ባለ ሁለት ቴምብር ፖስታዎች በከፍተኛ ዋጋ ይፈላለጉባቸዋል። ያኔ ግን ተራ ወጪ ነበር። እንዲህ እየተደረገ እስከ 1901 ዓ.ም. ተቆየ፤ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1908) ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፣ ቴምብሯም በየትም አገር ታወቀ።

በገንዘብ ካሰላነው ይህ ኪሳራ ይመስላል። በነፃ ማድረስ የሚችል መንግሥት ነበር፤ እሱን ትቶ ቴምብር ማሳተም፣ ከዚያም ላይ ለፈረንሳይ ፖስታ መክፈል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። አፄ ምኒልክ የባዕድ ተሸካሚ አልናቁም። ለ14 ዓመት ያህል ደብዳቤያቸውን ወደ ውጭ ያሻገረው የባዕድ ፖስታ ነው። በኢጣልያ ላይ የተጣሉት ሌላ ሰው ስለተሸከመላቸው አይደለም። ተሸካሚውን የመለወጥ መብታቸው ስለተወሰደ ነው። «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል «ግዴታቸው ነው» ስለሆነ ነው። ፈረንሳዮቹ ጅቡቲ ላይ ዋጋቸውን ተቀብለው ደብዳቤውን አሳለፉ፤ አድራሻውን ግን አልነኩም። የተከፈለው መልእክተኛ ሂሳቡን ይዞ ሄደ። ያልተከፈለው መልእክተኛ ግን አገሩን ነው የጠየቀው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶች። እኔ እንደገባኝ፣ ወርቁ ስለማያምር አይደለም፤ ባለቤቱ ሲጠራው ስለሚሄድ ነው።

እንግዲህ ከመንግሥት ደብዳቤ ወደ እኔ ዓይነቱ ሰው ደብዳቤ እንውረድ። ምክንያቱም ለብዙ አንባቢ በየጊዜው ዜና መላክም የተጀመረው በዚያው ዘመን፣ በዚችው ከተማ ነው።

ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም የሐማሴን ሰው ናቸው። ኢጣልያ የያዘችውን አገር ትተው ወደ አፄ ምኒልክ ግቢ የመጡ ገጣሚና አዋቂ። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በእጃቸው የተጻፈ የዜና ወረቀት እያዘጋጁ ለመኳንንቱ ያድሉ ነበር። ወደ 50 ቅጂ ያህል። እስቲ አስቡት፦ አንዱን ጽሑፍ 50 ጊዜ በእጅ መገልበጥ! አንድም ማሽን የለ። ለተቀባዩ ነፃ ነበር፤ ለላኪው ግን የእጁ ጉልበት ነው። እኔ 612 ሰው ጋ ለመድረስ አንድ ቁልፍ ነው የምጫነው፤ እሱም ይከብደኛል ብዬ ሳማርር ብላታን ሳስብ አፍራለሁ።

በ1895 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ካቫድያ የተባለ ግሪካዊ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመረ። ስሙን ያወጡት አፄ ምኒልክ ናቸው። እሱም በእጅ ጽሑፍ ነው የተጀመረው፣ በ24 ቅጂ። ኋላ ማባዣ ማሽን ተገኝቶ 200 ደረሰ። ከዚያ ዘመን ተሻግሮ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ወጣ። በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት፣ በ500 ቅጂ። (አዎ፣ የእኔም ደብዳቤ ሐሙስ የሚወጣው ለዚህ ነው።)

24፣ 50፣ 200፣ 500። ቁጥሮቹን ደርድሬ ሳይ 612 አንባቢ ትንሽ መስሎ አይታየኝም።

ከእነዚህ ሦስቱ አንድ ነገር ተማርኩ። «ነፃ» የሚባለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይመለከታል፦ አንባቢውንና ላኪውን። ለአንባቢ ነፃ የሆነ ነገር ሁሌም አንድ ሰው ከፍሎበታል። ብላታ በእጃቸው ከፈሉ። ብርሃንና ሰላም ከጀርባው አልጋ ወራሹና ማተሚያ ቤታቸው ነበሩ። የከፈለው ማን እንደሆነ ካወቅክ ጽሑፉ እስከ መቼ እንደሚቆይ መገመት ትችላለህ። ማን እንደከፈለ ካላወቅክ ግን መቼ እንደሚቆም አታውቅም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ነፃ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎቶች ታሪካቸው አጭር ነው፤ ግን በቂ ትምህርት አለው።

ታይኒሌተር የሚባል ቀላል፣ ነፃና ብዙ ጸሐፊዎች የወደዱት አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ፣ በ2011 ሜይልቺምፕ ገዛው፣ የካቲት 29 ቀን 2024 ተዘጋ። ሬቪዩ የሚባለውን ትዊተር በጥር 2021 ገዛ፤ ድርጅቱ ባለቤት ሲለውጥ ጥር 18 ቀን 2023 ላይ ሬቪዩም ተዘጋ። ሜይልቺምፕ ራሱ ከ2009 ጀምሮ ነፃ መስመር ነበረው፤ አንድ ጊዜ እስከ 2,000 ተቀባይ ይፈቅድ የነበረው ኋላ ወደ 500 ወረደ። ማንም ሕግ አልጣሰም። ንብረቱ የእነሱ ነው፣ ደንቡን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። 612 አንባቢ ላለው ሰው ግን ያቺ የ500 መስመር በማግስቱ «ወይ ክፈል፣ ወይ 112 ሰው ቀንስ» ማለት ናት። ከጡረተኞቹ መምህራን የትኛውን ነው የምቀንሰው?

ሰብስታክ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ በ2017። ለላኪው ነፃ ነው፣ አንባቢህን ገንዘብ ካስከፈልክ ግን 10 በመቶውን ይወስዳል። ሐቀኛ ስሌት ነው፤ ከምን እንደሚያገኝ ይታወቃል። የአንባቢዎችህን ዝርዝር አውርደህ መሄድም ይፈቅዳል። ለእኛ ግን አንድ ጉድለት አለው። ክፍያው የሚያልፈው ስትራይፕ በሚባለው ድርጅት ነው፤ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው አካውንት አይከፍትም። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀመጠ ጸሐፊ መጠቀም ይችላል፣ ማትረፍ ግን አይችልም። ከእኔ የሚያገኘው ነገር ከሌለ እስከ መቼ ያስተናግደኛል? መልሱ እኔ እጅ የለም።

አንዳንዶቻችሁ «አንተ ሰው፣ የአገር ሉዓላዊነትን ከኢሜይል ጋር ታወዳድራለህ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሚዛኑ አይገናኝም። የእኔ ደብዳቤ ቢቋረጥ አገር አይደማም። ግን ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፦ መልእክተኛህን ብትለውጥ ሰዎችህ ያገኙሃል ወይስ አያገኙህም? ቢያገኙህ ነፃ ነህ፤ በነፃ ብትላክም፣ ከፍለህ ብትላክም። ባያገኙህ ግን ከፍለህም ቢሆን ሮም በኩል ነው የምትጽፈው።

ስለዚህ ምርጫዬን «ነፃ ወይስ ክፍያ» ከማለት አወጣሁትና በሦስት ከፈልኩት።

አንደኛ፣ አድራሻው። ይሄ ቴምብሩ ነው። የራስን ዶሜይን መግዛት በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ያህል ነው። ደብዳቤዬ የሚወጣው በራሴ ስም ከሆነ፣ ነገ ተሸካሚውን ብለውጥ አንባቢው ያው አድራሻ ነው የሚያየው። ለዚህ ያለ ማመንታት እከፍላለሁ። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረኝ በዚህ ላይ ነበር የማውለው።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ። የ612ቱ ሰዎች ስምና ኢሜይል በወር አንድ ጊዜ ወርዶ የእኔ ኮምፒውተር ላይና አንድ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ አምስት ደቂቃ ነው። ዝርዝሩን እንዳወርድ የማይፈቅድልኝ አገልግሎት ወርቅ ቢያነጥፍልኝ አልገባም። (የሰዎቹ ኢሜይል አደራ ስለሆነ ፋይሉ በይለፍ ቃል ይቆለፋል፤ ይሄንንም አትርሱ።)

ሦስተኛ፣ ተሸካሚው። የጅቡቲው ፖስታ ማለት ነው። እዚህ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም። አድራሻውና ዝርዝሩ የእኔ ከሆኑ ተሸካሚው ነፃም ቢሆን፣ በክፍያም ቢሆን ይሠራል። ከ500 በታች አንባቢ ያለው ሰው ነፃውን ይጠቀም፣ ምንም ነውር የለውም። እኔ 612 ስለሆንኩ ዋጋው ዝቅ ያለውን፣ ከምን እንደሚኖር በግልጽ የሚታወቀውን የክፍያ አገልግሎት መረጥኩ። ዶላሩ ከብዶኝ መክፈል ያቃተኝ ቀን ዝርዝሬን ይዤ ሌላ ተሸካሚ እፈልጋለሁ። «ይቻላል» ማለት ይሄ ነው።

ለአንባቢዎቼ ግን ነፃ ሆኖ ይቀጥላል። የሚከፍለው ማን እንደሆነ እንድታውቁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት፦ የምከፍለው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ማገዝ የሚፈልግ ካለ ያኔ እንነጋገራለን። ሌላ ሰው መክፈል ከጀመረም ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ለወጣት ጸሐፊዎች አንድ ቃል ልጨምር። ሥራችሁን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ያስቀመጣችሁ ብዙ ናችሁ። 50,000 ተከታይ አላችሁ፣ አንዱንም ግን በስሙና በአድራሻው አታውቁትም። አካውንቱ አንድ ቀን ቢዘጋ ማን ጋ ትደውላላችሁ? ዛሬውኑ ከሚያነቡአችሁ ሰዎች 24ቱን ኢሜይል ጠይቃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። «አእምሮ» የጀመረው በ24 ነው።

በሚቀጥለው ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ፓርኩን ስትጨርሱ ጥቂት ሄዳችሁ ያንን ግቢ እዩት። ትልቅ ሕንፃ አትጠብቁ፤ ጭቃና እንጨት ነው። እዚያ ተቀምጠው ነው አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ያወቁት።

እናንተስ ምን ትጠቀማላችሁ? ነፃውን ወይስ የሚከፈልበትን? ዝርዝራችሁስ የት ነው ያለው? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

መልካም ሳምንት!